ለቤተ ሰብ ስለ ሲኒማ፤ ሞትን የማያቃልሉ ፊልሞች

በአገራችን ልማድ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ እድርተኛው ይሰበሰባል፤ ጎረቤት ምግቡን ይዞ ይመጣል። ሟቹን በሕይወቱ ሳለ አንድ ቀን እንኳ ያላነጋገረው ሰው ሳይቀር «እግዜር ያጽናችሁ» ለማለት ይደርሳል። ድኻ ቢሆን ባለጠጋ፤ ሽማግሌ ቢሆን ሕፃን፤ የአንድ ሰው ሞት ቀላል ነገር እንዳይደለ ልጆቻችን የሚማሩት ከዚህ ከለቅሶ ቤት ነው። በሲኒማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአንድ የውጊያ ፊልም ውስጥ በሁለት ሰዓት ጊዜ ሠላሳና አርባ ሰው ይወድቃል፤ የወደቁትም ስማቸው አይጠየቅም፤ እናታቸውም አትታይም፤ ጀግናው ልብሱን አራግፎ መንገዱን ይቀጥላል፤ ተመልካቹም ያጨበጭባል። አንዱ ልጅ የለቅሶ ቤቱንም የፊልሙንም ትምህርት በአንድ ቤት ውስጥ ይቀበላል። ከሁለቱ የትኛው በልቡ ይጸናል የሚለው ጥያቄ ለወላጅ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ይህ የፊልም ሠሪዎች ክፋት ነው ለማለት አንደፍርም፤ ልማድ ነው እንጂ። ፊልም ሁሉ ወገን አለው፤ ወገኑም ሕግ አለው። የወንጀል ፊልም ሕጉ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ ሬሳ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ገዳዩን መፈለግ ይሆናል፤ ሟቹ ግን ለእንቆቅልሹ መነሻ ከመሆን በቀር ሌላ ዋጋ የለውም። የሚያስፈራ ፊልም ሕጉ ጨለማ፤ ጩኸትና አውሬ ነው፤ በውስጡ የሚሞተው ሰው የሚሞተው ተመልካቹ ከወንበሩ እንዲዘል ብቻ ነው። የውጊያ ፊልም ሕጉም ከላይ እንደ ተናገርነው ነው፤ ጀግናው ይገን ዘንድ ሌላው ሁሉ እንደ ቅጠል ይረግፋል። ተመልካችም ገንዘቡን ሲከፍል ይህን ሕግ ዐውቆ ይገባል፤ የጠበቀውን ያጣ እንደ ሆነም ተታለልሁ ብሎ ይቈጣል።

ይሁን እንጂ አልፎ አልፎ ይህን ሕግ ተቀብሎ የሚጀምርና በመካከል የሚያፈርሰው የፊልም ሠሪ ይነሣል። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ለመድነው በር ይመራንና በሩ ሲከፈት ያልጠበቅነውን ቤት ያሳየናል። በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ያደረጉ አራት ፊልሞችን እንመረምራለን። አራቱም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ይኸውም ሞትን አለማቃለላቸው ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

የመረጥንበትንም ምክንያት እንናገር። በአዲስ አበባ በመጀመሪያ ጊዜ የነበረውን የሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው የታወቀ ነው። ዛሬ ሲኒማው ከዚያ ቤት ወጥቶ ወደ እያንዳንዱ ሰው ቤት ገብቷል፤ በልጆችም እጅ ባለው ስልክ ውስጥ ተቀምጧል። ከወላጆች አንዳንዶቹ ስሙ የሚያስፈራውን ፊልም ሁሉ ይከለክላሉ፤ አንዳንዶቹም መከልከል ሰልችቷቸው ሁሉን ይፈቅዳሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚፈርዱት በሽፋኑና በስሙ ነው። እኛ ግን ሽፋኑ ቤት የሚያፈርስ መስሎ ውስጡ ቤት የሚሠራ ፊልም መኖሩን፤ ስሙ ለስላሳ ሆኖ የሰውን ሞት እንደ ቀልድ የሚያሳይ ፊልምም መኖሩን ማሳሰብ እንወዳለን።

የባዶው ወንበር ነገር

በ1931 ዓ.ም. በጀርመን አገር ፍሪትዝ ላንግ የሚባለው ስመ ጥሩ የፊልም ሠሪ «ኤም» የተባለውን ፊልም አወጣ። ላንግ ድምፅ ያለው ፊልም ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ድርሰቱንም ከባለቤቱ ከቴአ ፎን ሐርቡ ጋራ አዘጋጀው። ታሪኩ በአንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ ሕፃናትን እያባበለ ስለሚገድል ሰው ነው።

እንደ ወገኑ ልማድ ቢሆን ፊልሙ በሬሳ በጀመረ ነበር። ላንግ ግን ከአንዲት እናት ቤት ይጀምራል። ወይዘሮ ቤክማን ልብስ ስታጥብ ትታያለች። ሰዓቱ እኩለ ቀን ሲሆን ልጅዋ ኤልዚ ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ጊዜ መድረሱን ዐውቃ ፊትዋ ይበራል፤ ምሳውን ታሰናዳለች፤ ገበታውን ታዘጋጃለች። ጊዜው ያልፋል። ደረጃውን የሚወጡትን ልጆች ትጠይቃቸዋለች፤ ኤልዚ ከእነርሱ ጋራ አልመጣችም። በመጨረሻም ወደ ደረጃው ወጥታ የልጅዋን ስም ትጣራለች። ድምፅዋ እየተሰማ ሳለ ሰው የሌለበት ደረጃ ይታያል፤ ልብስ የተሰጣበት ባዶ ሰገነት ይታያል፤ ሳሕንና ማንኪያ ቀርቦ ማንም ያልተቀመጠበት የልጅቱ ቦታ ይታያል። ከዚያም አንዲት ኳስ ከቍጥቋጦ ሥር ተንከባልላ ወጥታ ትቆማለች፤ ለልጅቱ ተገዝቶላት የነበረው ፊኛ በሽቦ ላይ ተይዞ ይርገበገባል። ከዚህ በቀር የሚታይ ነገር የለም፤ አንዲት ጠብታ ደም እንኳ አይፈስም። ልጁን ለምሳ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ግን ከዚያ ባዶ ወንበር የባሰ የሚያስፈራ ነገር በየትም ፊልም አያገኝም።

ሁለተኛው ያልተጠበቀ ነገር ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ላንግ ብዙ ሳይደብቅ ማሳየቱ ነው። እንቆቅልሹ በዚህ ይፈርሳል። ፖሊሶች ከተማውን በየሌሊቱ ስለሚፈትሹ ሌቦችና ወንበዴዎች ሥራቸው ይታጐልባቸዋል፤ ስለዚህ ገዳዩን ራሳቸው ለመያዝ ይማከሩና ለማኞችን በየመንገዱ ያሰማራሉ። የሚያውቀውም አንድ ዐይነ ስውር ፊኛ ሻጭ ነው፤ የሚያውቀው በፉጨቱ ነው። አንድ ወጣት በእጁ መዳፍ ላይ በጠመኔ የጻፈውን ፊደል በሰውዬው ትከሻ ላይ ያትምበታል፤ ፊደሉም በጀርመን ቋንቋ «ነፍሰ ገዳይ» የሚለው ቃል የሚጀምርበት ነው። የፊልሙም ስም ከዚያ የተወሰደ ነው።

ሌቦቹ ገዳዩን ይይዙና ሥራ ባቆመ የአረቄ ፋብሪካ ውስጥ ለፍርድ ያቆሙታል። ገዳዩን ሆኖ የተጫወተው ፒተር ሎሬ ነው። የለመድነው ፊልም ቢሆን በዚህ ሰዓት ተመልካቹ «ይበለው» ብሎ እንዲደሰት ይደረግ ነበር። ሎሬ ግን በጕልበቱ ተንበርክኮ፤ ከራሱ መሸሽ እንደማይችል፤ እነርሱ ወንጀልን ወደው እንደ መረጡት፤ እርሱ ግን በውስጡ ካለው አስገዳጅ ነገር ማምለጥ እንዳቃተው እየጮኸ ይናገራል። ጠበቃ ሁን ተብሎ የተመደበለትም ሰው ተነሥቶ እንዲህ ያለው ሰው ለሐኪም እንጂ ለገዳይ ሊሰጥ አይገባም ይላል። ሕዝቡ ይሥቅበታል፤ ይጮኽበታልም። ላንግ ገዳዩን ማሩት አላለንም፤ ነገር ግን በሰው ሞት መደሰትን ነሣን። በመጨረሻ እውነተኞቹ ዳኞች ሲቀመጡ እናያለን፤ ፍርዳቸውን ግን አንሰማም። የምንሰማው ጥቁር የለበሱትን እናቶች ነው፤ ቅጣቱ ልጆቻቸውን እንደማይመልስላቸውና ልጆችን አጥብቆ መጠበቅ እንደሚገባ ይናገራሉ። ፊልሙ በሬሳ ያልጀመረው በፍርድም ላለመጨረስ ነው፤ በእናት ጀምሮ በእናት ይጨርሳል።

ይህ ፊልም ለልጆች የሚሆን አይደለም። አባትና እናት ልጆቻቸው ከተኙ በኋላ አብረው ቢያዩት ግን መልካም ነው።

ነጋዴ ያወጣለት ስም

የሚያስፈራ ፊልምን ሕግ ስላፈረሰ ሥራ ለመናገር ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ1942 ዓ.ም. አርኬኦ የሚባለው የፊልም ድርጅት ቫል ሉተን የሚባለውን ሰው በጥቂት ገንዘብ የሚያስፈሩ ፊልሞች እንዲያሠራ ሾመው። የአንዱ ፊልም ወጪ ከ150 ሺህ ዶላር እንዳይበልጥ፤ ርዝመቱም ከ75 ደቂቃ እንዳያልፍ፤ ስሙንም አስቀድመው አለቆቹ እንዲያወጡት ተወሰነ። የመጀመሪያው ፊልም «የድመት ሰዎች» ተባለ፤ ዣክ ቱርነር የሚባል ሰው አዘጋጀው። ኢሬና የምትባል ሴት በቍጣዋ ወይም በፍቅርዋ ጊዜ ወደ አውሬነት የምትለወጥ ይመስላታል። ፊልሙ ከአውሬው ይልቅ ጥላውን ስላሳየ እጅግ የሚያስፈራ ሆነ፤ ብዙ ገንዘብም አገባ። ስለዚህ አለቆቹ ሁለተኛ ክፍል ይሠራ ብለው አዘዙ፤ ስሙንም «የድመት ሰዎች ርግማን» አሉት። በ1944 ዓ.ም. ወጣ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህን ፊልም ስም ግን ያወጣው ነጋዴ ነው። ርግማን የለበትም፤ አውሬም የለበትም። ሉተን «ኤሚና ወዳጅዋ» ይባልልኝ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ አልተፈቀደለትም። የፊልሙ እውነተኛ ስም ግን ያ ነበር፤ ምክንያቱም ታሪኩ ብቻዋን ስለ ሆነች የ6 ዓመት ልጅ ነው።

ኤሚ በመጀመሪያው ፊልም የሞተችው የኢሬና ባል ከሁለተኛ ሚስቱ የወለዳት ልጅ ናት። ሐሳብዋ ሩቅ የሚሄድ፤ ከእኩዮችዋ ጋራ መጫወት የማይሆንላት ልጅ ናት። የልደት በዓልዋ ሲደርስ አባትዋ የመጥሪያ ወረቀቶችን ሰጥቶ ላኪ ይላታል፤ በበዓሉ ቀን ግን አንድም ልጅ አይመጣም። ሲጠይቃት ወረቀቶቹን በግቢው ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ እንደ ጨመረች ትነግረዋለች፤ ዛፉ ደብዳቤ የሚያደርስ አስማት አለው ብሎ ከዚያ በፊት የነገራት ራሱ አባትዋ ነበርና። አባትዋ ያንን ረስቶታል፤ ልጅቱ ግን አልረሳችም። እናንት ወላጆች ሆይ፤ ይህን ስፍራ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ትልቅ ሰው ለጨዋታ የተናገረውን ቃል ሕፃን እንደ ውል ይይዘዋል፤ በኋላም ስላመነ ይቀጣል።

ኤሚ ወዳጅ ትመኛለች፤ የሞተችው ኢሬና በግቢው ውስጥ ትገለጥላታለች፤ ታጫውታታለች። ይህ በእውነት መንፈስ ይሁን ወይስ የልጅቱ ሐሳብ ይሁን ፊልሙ አይፈርድም። አባትየው ግን የመጀመሪያ ሚስቱን ኀዘን በልቡ ቀብሮ የኖረ ሰው ስለ ሆነ የልጁ ነገር ያስፈራዋል፤ ወዳጅዋ የለችም ብላ እንድትክድ ያስገድዳታል፤ እምቢ ስትልም ይመታታል። እነሆ የሚያስፈራው ይህ ነው። በልማድ መንፈሱ ያስፈራ ነበር፤ በዚህ ፊልም ግን መንፈሱ ደግ ሆኖ የሚያስፈራው የአባት አለማመን ሆነ።

በጎረቤት አንዲት አሮጊት አለች፤ የራስዋን ልጅ ባርባራን «ልጄ በ6 ዓመትዋ ሞታለች፤ አንቺ አታላይ ነሽ» እያለች የምትክድ ናት። ያች የተካደች ልጅ ኤሚን በቅናት ትጠላታለች። በበረዶ ሌሊት ኤሚ ከቤት ሸሽታ ወደዚያ ቤት ትገባለች፤ አሮጊቲቱም ልጅቱን ልትሸሽግ ስትሞክር በደረጃው ላይ ትሞታለች፤ ባርባራም ልትገድላት ትቀርባለች። ልጅቱ በዚያ ፊት ላይ የኢሬናን መልክ ታይና «ወዳጄ» ብላ ታቅፋታለች። ሊያንቁ የመጡት እጆች ይላላሉ። ለዚያች ሴት ከብዙ ዘመን ወዲህ በፍቅር የተጠራችበት ጊዜ ያ ብቻ ነበር። በፍጻሜው አባትየው ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ወዳጅዋ በግቢው ለእርሱም እንደምትታየው ይነግራታል።

ፊልሙን ጉንተር ፎን ፍሪች ጀምሮ ሥራው ስለ ዘገየበት ሮበርት ዋይዝ ጨረሰው። ዋይዝ አዘጋጅ ተብሎ ስሙ ሲጻፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ በ1965 ዓ.ም. ቤተ ሰብ ሁሉ የሚወደውን «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ» የተባለውን ፊልም የሠራው ይኸው ሰው ነው። የዚህን ፊልም ስም ሰምቶ የሸሸ ወላጅ ከብዙ ምክር የሚበልጥ ትምህርት አምልጦታል። ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋራ ሆነው ሊያዩት ይችላሉ።

ጠላቱን ሲያዩ ያለቀሰው ልጅ

ሦስተኛው ፊልም በ1955 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው «የአዳኙ ሌሊት» ነው። ያዘጋጀው ቻርልስ ሎተን የሚባለው ታላቅ የእንግሊዝ ተዋናይ ነው፤ ታሪኩም ዴቪስ ግረብ በ1953 ዓ.ም. ካወጣው ልብ ወለድ መጽሐፍ የተወሰደ ነው። የወንጀል ፊልም ነው እንዳይባል እንደ ተረት ነው፤ ተረት ነው እንዳይባል ደም አለበት፤ ስለዚህ በወጣበት ጊዜ ተመልካቹ ምን ብሎ እንደሚቀበለው አላወቀም። ገንዘብ አላገባም፤ ሎተንም ከዚያ በኋላ ሌላ ፊልም ሳያዘጋጅ በ1962 ዓ.ም. ሞተ። በ1992 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ መንግሥት ሊጠበቁ ይገባቸዋል ብሎ ከሚመዘግባቸው ፊልሞች ጋራ ተቈጠረ።

አንድ ድኻ አባት በችግር ምክንያት 10 ሺህ ዶላር ሰርቆ፤ ሰውም ገድሎ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ገንዘቡን በትንሽዋ ልጁ በፐርል አሻንጕሊት ውስጥ ሸሽጎ ወንድምዋ ጆን ምስጢሩን እንዲጠብቅ ያስምለዋል። ወዲያው ፖሊሶች ይደርሱና በልጁ ዐይን ፊት አባቱን መሬት ላይ ጥለው ያስሩታል። ሞት ይፈረድበታል። በእስር ቤት አብሮት የነበረው ሐሪ ፓወል የገንዘቡን ወሬ ሰምቶ ይወጣል፤ ሰባኪ መስሎ መበለቲቱን ያገባል፤ በኋላም ይገድላታል። በአንድ እጁ ጣቶች ላይ «ፍቅር»፤ በሌላው ጣቶች ላይ «ጥላቻ» የሚል ተነቅሷል። ሮበርት ሚቸም ተጫውቶታል።

ሁለቱ ልጆች በትንሽ ጀልባ ወንዙን ይዘው ይሸሻሉ። የልማድ ፊልም ቢሆን ሩጫው የሚጀመረው በዚህ ነው። ሎተን ግን ነገሩን ያዘገየዋል። ጀልባዋ በጸጥታ ትንሳፈፋለች፤ ፐርል ታንጐራጕራለች፤ በወንዙ ዳር እንቍራሪት፤ የሸረሪት ድርና ጥንቸሎች ይታያሉ። ከኋላቸው ገዳይ አለ፤ በላያቸው ግን የከዋክብት ሰማይ አለ። ሕፃን በፍርሃት መካከል እንኳ ዓለምን እንደሚያይ ይህን ያህል ያሳየ ፊልም ጥቂት ነው። በመጨረሻ ወላጅ አልባ ልጆችን የምታሳድግ ራሔል ኩፐር የምትባል ሴት ትቀበላቸዋለች፤ በዝምታ ፊልም ዘመን ስመ ጥር የነበረችው ሊሊያን ጊሽ ተጫውታለች።

አሁን ስለ አንድ ስፍራ ብቻ እንናገር። ፖሊሶች ገዳዩን መሬት ላይ ጥለው ሲያስሩት ተመልካቹ ደስታውን ያዘጋጃል። ጆን ግን አይደሰትም። አባቱ የተያዘበት መልክ በዐይኑ ፊት ይመለስበታል፤ እየጮኸ ይሮጥና አሻንጕሊቲቱን በገዳዩ ጀርባ ላይ ደጋግሞ ይመታል፤ ገንዘቡም ይበተናል፤ ውሰደው፤ አልፈልገውም እያለ ያለቅሳል። በኋላም በፍርድ ቤት ጠላቱን በጣቱ ማመልከት እምቢ ይላል። በውጭ ግን ሰባኪውን ትናንት ያመሰገኑት የከተማው ሰዎች ዛሬ ያለ ፍርድ ሊሰቅሉት ገመድና ችቦ ይዘው ይንጫጫሉ። ከሁሉ ይልቅ የተበደለው ሕፃን ደም አልጠየቀም፤ ምንም ያልተበደሉት ግን ጠየቁ። ልጅ ማለት ወገን ለይቶ የሚያጨበጭብ ተመልካች አይደለም፤ የወደቀውን ሰው ሁሉ በሚያውቀው ሰው መልክ ያየዋል። ይህን ፊልም ከፍ ያሉ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋራ ቢያዩት ይሻላል፤ ለሕፃናት ግን ይከብዳል።

የሚቈጠር ሞት

አራተኛው የውጊያ ፊልም ነው። በ1954 ዓ.ም. የጃፓኑ አኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» የተባለውን ፊልም አወጣ። ርዝመቱ 207 ደቂቃ ነው፤ ሥራው አንድ ዓመት ያህል ፈጀ። በዚያው ዓመት በቬኒስ የፊልም በዓል የብር አንበሳ ተሸለመ፤ አሜሪካኖችም ታሪኩን ወስደው በ1960 ዓ.ም. በፈረሰኞቻቸው መልክ ሠርተውታል።

የአንድ መንደር ገበሬዎች እህላቸውን የሚዘርፉ 40 ሽፍቶች እንደሚመጡባቸው ሰምተው ይጨነቃሉ፤ ከሩዝ በቀር የሚከፍሉት ስለሌላቸው ለምግባቸው ብቻ የሚዋጉ ወታደሮችን ፍለጋ ይሄዳሉ። ሰባት ያገኛሉ። አለቃቸው ካምበይ ነው፤ ታካሺ ሺሙራ ተጫውቶታል። ሽፍቶቹን ለመቍጠር ካምበይ በወረቀት ላይ ክብ ክብ ምልክት ይጽፋል፤ አንድ ሽፍታ በሞተ ቍጥር አንዱን ይሰርዛል። ይህ ወረቀት የውጊያ ፊልም ሁሉ ልማድ ነው ልንለው እንችላለን፤ ሰው ወደ ምልክት ተለውጦ ይሰረዛል።

ኩሮሳዋ ግን ከወረቀቱ ጋራ ሌላ መቍጠሪያ አቆመ፤ ይኸውም መቃብሩ ነው። ከሰባቱ መጀመሪያ የሞተው ጨዋታ ወዳዱ ሄይሃቺ ነው፤ ለመንደሩ ባንዲራ የሰፋ እርሱ ነበር። ሲቀብሩት ሰይፉን በአፈሩ ክምር ላይ ይተክላሉ፤ ሁሉም ያለቅሳሉ። ቶሺሮ ሚፉኔ የተጫወተው ኪኩቺዮ ሄይሃቺ የሰፋውን ባንዲራ ከጣራ ላይ ወጥቶ ይተክለዋል። የወደቀ ሰው በፊልም ውስጥ እንዲህ ሲለቀስለት ተመልካቹ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ሰው ይሠጋል። በሰባቱ መካከል ከሁሉ የበለጠው የሰይፍ ዐዋቂ የሚሞተው ተሸሽጎ ከተኰሰ ሰው በመጣ ጥይት ነው። እንዲያውም ከሰባቱ የሞቱት አራቱም የሞቱት በጠመንጃ እንጂ በሰይፍ አይደለም። ጀግንነታቸው ከሞት አላዳናቸውም፤ ሞታቸውም ያማረ እንዲሆን አልተደረገም።

ሽፍቶቹስ? ስለ እነርሱ ፊልሙ ብዙ አያዝንም፤ እውነቱን መናገር ይገባል። ነገር ግን አንድ የተማረከ ሽፍታ ሲጋለጥ ሳሙራዮቹ እጁን የሰጠ ሰው አይገደልም ይላሉ፤ በዚያን ጊዜ ልጅዋን የገደሉባት አንዲት አሮጊት ዶማዋን ይዛ እየተንቀጠቀጠች ትመጣለች። የመንደሩ አለቃ የልጅዋን ደም ትመልስ ዘንድ እንዲያግዟት ያዝዛል፤ ሳሙራዮቹም ፊታቸውን ያዞራሉ። የበቀል ደስታ ለሚፈልግ ተመልካች የቀረበለት ይህ ነው፤ አሮጊት፤ ዶማና ዝምታ። ወፍጮ ቤቱ ሲቃጠልም ኪኩቺዮ እናቱ የሞተችበትን ሕፃን አቅፎ በውኃው ውስጥ ይወድቃል፤ እኔም እንዲሁ ነበርሁ ብሎ ያለቅሳል። ቀልደኛ መስሎ የቆየው ሰው የሽፍታ ዘመን ያሳደገው ወላጅ አልባ መሆኑን ያን ጊዜ ዐወቅን።

ፍጻሜውም በድል ጭፈራ አይደለም፤ ጭፈራ ቢኖርም የሳሙራዮቹ አይደለም። ገበሬዎቹ እየዘፈኑ ሩዛቸውን ይተክላሉ። የቀሩት ሦስቱ ሳሙራዮች በአራቱ መቃብር ሥር ቆመው ይመለከታሉ፤ ካምበይም ያሸነፉት ገበሬዎቹ እንጂ እነርሱ እንዳልሆኑ ይናገራል። ፊልሙ ረጅም ነውና በሁለት ማታ ከፍሎ ከፍ ካሉ ልጆች ጋራ ማየት ይቻላል።

ለቤታችን የሚሆን መመዘኛ

ልማድን ማፍረስ ብቻውን ምስጋና አይገባውም። ተመልካቹን ለማስደንገጥ ብቻ ጀግናውን በድንገት የሚገድል፤ ወይም በመጨረሻው ደቂቃ ነገሩን ሁሉ የሚገለብጥ ፊልም ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው እንደ መጫወቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ባዶ ነው። የተናገርናቸው አራቱ ግን ልማዱን ያፈረሱት የተረሳውን ሰው ለማሳየት ነው። ላንግ በእንቆቅልሹ ፈንታ እናትን አሳየ፤ ሉተን በአውሬው ፈንታ ብቸኛ ልጅን አሳየ፤ ሎተን በድሉ ፈንታ የሕፃንን እንባ አሳየ፤ ኩሮሳዋም በጭብጨባው ፈንታ መቃብርን አሳየ። ፍጻሜውን ዐውቀን እንኳ ደግመን የምናያቸው ስለዚህ ነው።

ልብ ካላየ ዐይን አያይም እንደሚባለው ልጅ ከፊልም የሚያገኘው ዐይኑ ባየው መጠን ሳይሆን ልቡ በተዘጋጀለት መጠን ነው። ስለዚህ ወላጆች ስለ ማንኛውም የወንጀል፤ የሚያስፈራ ወይም የውጊያ ፊልም ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቁ እንመክራለን። አንደኛ፤ በዚህ ፊልም ውስጥ የሞተው ሰው ስም አለውን? ሁለተኛ፤ ያለቀሰለት ሰው ታይቷልን? ሦስተኛ፤ ክፉው ሰው ሲወድቅ ፊልሙ እንድንሥቅ ያደርገናልን ወይስ ዝም እንድንል? መልሱ መልካም ከሆነ የሽፋኑ ሥዕል ቢያስፈራም ብዙ አይጎዳም። መልሱ ክፉ ከሆነ ግን ሽፋኑ በአበባ ቢያጌጥም መጠንቀቅ ይገባል። ይልቁንም ልጅን ለብቻው ከስልኩ ጋራ ከመተው አጠገቡ ተቀምጦ ማየት፤ ካለቀም በኋላ «ለማን አዘንህ?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ክልከላ ይበልጣል። «ለማንም አላዘንሁም» ያለ እንደ ሆነ መቈጣት አይገባም፤ የሞቱት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ፤ ቤታቸው ማን እንደሚጠብቃቸው አብሮ ማሰብ ነው እንጂ። የወይዘሮ ቤክማን ባዶ ወንበር በእያንዳንዱ ሞት በስተኋላ እንዳለ የተረዳ ልጅ በለቅሶ ቤት የተማረውን በሲኒማ አይረሳም።

ለሚመጣው ሳምንት ስለ ሚያስቁ ፊልሞችና ሣቁ በማን ላይ እንደሚወድቅ እንጽፋለን። እስከዚያው ድረስ ከነቤተ ሰባችሁ ደኅና ሰንብቱ።